የሐጂ ዋሪዮ ልኬት

ሥራ የጀመርኩት ነገሌ ገበያ ዳር፣ በጋሽ ወልዴ ስፌት ቤት ነው። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ ከሰሜን የመጣ ጸሐፊ ስለነበር እኔም ቢሮ እንድገባ ይፈልግ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌ ግን ለቢሮ አልሆነም። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ወስዶ ለጋሽ ወልዴ አስረከበኝ።

ጋሽ ወልዴ በመጀመሪያው ቀን የስፌት መኪናውን እንድነካ እንኳ አልፈቀዱልኝም። ሜትሩን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝና፣ "ስድስት ወር ሰው ትለካለህ። ከዚያ ቁልፍ ትተክላለህ፣ ከዚያ ትዘመዝማለህ። መቀስ ገና ነው" አሉኝ። በቤቱ ለኪው የመጨረሻው፣ ቆራጩ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

የዚያን ቀን አንድ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ለካሁ። ሆዱን ስቦ ቆመ፤ እኔም ያየሁትን ጻፍኩ። ሱሪው አልቆለፍ ብሎ በሳምንቱ ተመለሰ። ጋሽ ወልዴ አልተቆጡኝም። "ሰው ሜትር ሲያይ ሆዱን ይስባል። አጫውተው፤ ሲተነፍስ ያኔ ለካ" አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት መቀስ ያዝኩ። የወደራ ገበያ ቀን የስፌት መኪናዬን ጭነት መኪና ላይ ጭኜ ሄጄ እሰፋ ነበር። ለሻኪሶ ወርቅ አጣቢዎች የሱሪውን ጉልበት ደርቤ እሰፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክከው ስለሚውሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ለአስተማሪ ደግሞ የኮቱን ክርን አጠነክራለሁ። የጋሽ ወልዴ ዓይን ሲደክም ቤቱን ለእኔ ትተው ወደ ሀገረ ማርያም፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። በሥራዬ መታበይ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሐጂ ዋሪዮ የቆዳና የጨው ነጋዴ ነበሩ። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ የሚያወሩ፣ "አካም? ናጋ?" ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ድምፃቸው ገበያውን አቋርጦ የሚሰማ ሰው ናቸው። ለአንድ ኮታቸው የሁለት ሰው ጨርቅ እቆርጥ ነበር። አንድ ጊዜ ትንፋሽ እያጠራቸው ሲቸገሩ ሩቅ አገር ሄደው ሐኪም አያቸው። ሐኪሙ ውፍረታቸውን እንዲቀንሱ፣ ከሦስት ወር በኋላም ተመልሰው እንዲታዩ አዘዛቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በገዛ መጋዘናቸው የቆዳ ሚዛን ላይ ይወጡ ጀመር። ከአንድ ወር በኋላ ሱቄ መጥተው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

"ደምሴ፣ ቅቤ ትቻለሁ፣ የግመል ወተት ትቻለሁ፤ ሚዛኑ አይነቃነቅም። በረሃብ ልሙት እንዴ?"

ያንን ሚዛን አውቀዋለሁ። የታሰረ ቆዳ የሚመዝን ነው፤ ከአምስት ኪሎ በታች የሆነ ለውጥ አይታየውም።

"ሚዛኑን ይተዉት፣ ሐጂ። እኔ በሜትር እከታተልዎታለሁ" አልኳቸው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመጣሉ። አንገት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ክንድ እለካለሁ። ወገቡን ሁልጊዜ ከእምብርት አንድ ጣት ከፍ ብዬ፣ ሜትሩን ሳላጠብቅ፣ ትንፋሽ ሲያወጡ ነው የምይዘው። ቁጥሩን አንድ ወረቀት ላይ በተርታ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ወገባቸው መቶ ሃያ አራት ነበር። በሁለተኛው ልኬት መቶ ሃያ ሆነ።

"ዱጋ? እውነትህን ነው?" ብለው እንደገና አስለኩኝ።

እውነት ነበር። ደስታቸው አይረሳኝም። ጠዋት ጠዋት በወደራ መንገድ በእግር ይሄዱ ጀመር። ሱሪዎቻቸውን አንድ በአንድ አጠበብኩ። ወገባቸው መቶ አሥራ ሁለት ሲገባ ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ አወራሁ። ቀጠን ያሉት በእኔ ጥበብ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ ለልኬት ቆመው ሳሉ ጠየቁኝ። "የሐኪሙ ቀጠሮ ደርሷል። ልሂድ ወይስ ልተወው?"

ዝናብ ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እኔም "ምን ያደርግልዎታል? ቀንሱ አለዎት፣ ቀነሱ። ሜትሩ ይኸው" አልኩ።

"እውነትህን ነው" ብለው ቀሩ።

በአራተኛው ወር እግራቸው ቆስሎ መሄድ አቆሙ። ልኬቱ ግን መቀነሱን አላቆመም፤ እንዲያውም ፈጠነ። ወገቡ በዝግታ ይወርዳል፤ ጭኑና ክንዱ ግን ቶሎ ቶሎ እየቀነሰ ነው። የሸሚዛቸው ኮሌታ ሁለት ጣት አስገባ። ቁጥሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳይራመድ የሚቀንስ ሰው ለምን እንደሚቀንስ ራሴን አልጠየቅሁም። እሳቸውም "ሰውነቴ መንገዱን ለመደ" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ ሱቁ ድረስ መጡ። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

"ደምሴ፣ ሰውዬው ይበላል። ከድሮው አብልጦ ይበላል። እንስራ ውሃ ይጨርሳል። እየበላ የሚከሳ ሰው የት አይተሃል?"

"አይስጉ እትዬ። ይኸውና ወረቀቱ፤ ሁሉም በደንብ እየወረደ ነው" አልኳቸው።

ማንበብ አይችሉም ነበር። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። አምነውኝ ነው የሄዱት።

በሳምንቱ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ አቶ በቀለ ሱሪ ሊለካ መጣ። ወረቀቱ ከመስተዋቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ቆሞ ሲያነበው ቆየና፣ "ይኼ ማን ነው?" አለኝ።

"ሐጂ ዋሪዮ ናቸው። አየህ እንዴት እንደቀነሱ?"

"ይኼ ቅነሳ አይደለም፣ ደምሴ። ይኼ ጡንቻ ነው እያለቀ ያለው። ውሃ ይጠማቸዋል?"

የእትዬ ሐዋ ንግግር ትዝ አለኝ። "እንስራ ይጨርሳሉ" አልኩት። እሱም ሱሪውን ሳይለካ ወጣ።

እኔም ተከትዬው ሐጂ ቤት ሄድኩ። ሐጂ ጥግ ላይ ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው ፈጣን ነው። አቶ በቀለ ሽንታቸውን ተቀብሎ ክሊኒኩ ውስጥ ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር አፈላው። ሰማያዊው ወደ ጡብ ቀለም ተለወጠ።

"የስኳር በሽታ ነው። ምናልባት ያኔ ሐኪሙ ሲያያቸውም ነበረባቸው። ሐኪሙ ተመለሱ ያላቸው ይህን ሊያይ ይሆናል" አለኝ። "መድኃኒቱ እዚህ የለም።"

በጭነት መኪና ላይ ፍራሽ አንጥፈን ወደዚያው ሩቅ አገር ሐኪም ተነሳን። ከወደራ ወዲህ ጭቃው ያዘን። ጎማው ሥር ቅርንጫፍ እያነጠፍን፣ እየገፋን ከጠዋት እስከ ቀትር ደከምን። ሐጂ ውሃ ይጠይቁ ነበር፤ ቆይተው መጠየቁንም ተዉ። ጭንቅላታቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ክንዳቸው ከመቅጠኑ የተነሳ በአንድ መዳፌ ዙሪያውን እይዘው ነበር። ወደራ ሳንገባ አረፉ።

የሐዘኑ ቀናት ሲያልፉ እትዬ ሐዋ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ቀጠሮው የመከርኩትን ሊነግሯቸው የሚችሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ከእኔ አፍ መስማት አለባቸው ብዬ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ስለ ቀጠሮው ጠይቆህ ነበር?" አሉኝ፣ እኔ ሳልጀምር።

"አዎ።"

"ምን አልከው?"

ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና አልተመለሱም። እኔ እዚያው ቆየሁ። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት ወጥታ፣ "ሂድ በቃ፣ ወንድሜ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሰፋሁ። ሐሙስ ጠዋት ሱቁን አልከፍትም ነበር። ሰዎች ለጸሎት የማደርገው ይመስላቸው ነበር፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ ሐዋ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ለገበያ ሲያልፉ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አዙረው አላዩኝም። ይቅርታ አላገኘሁም፤ የሚገባኝም አይመስለኝም።

በሙያው ላላችሁ የምላችሁ ይህንን ነው። ሜትር ስንት እንደቀነሰ ይነግራችኋል፤ ለምን እንደቀነሰ አይነግራችሁም። ለምን እንደሆነ ሰውየውን ጠይቁት፤ እናንተም ካላወቃችሁ ወደሚያውቅ ላኩት። እኔ አልጠየቅሁም፣ አልላክሁምም።