ቡና አልጋ ላይ የተሰጣው የጠላቂ ልብስ

መቱ ውስጥ እርጥብ ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደ እትዬ ሰዒዳ ነው። ደመናው ከጣሪያ ጣሪያ እየተራመደ በሚውልባት ከተማ ማድረቅ ማወቅ ቀላል ማዕረግ አይደለም። ቤተሰባቸው ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ካደጉ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት በቡና መጋዘን ሠሩ። አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ነክሰው ስንት ቀን ፀሐይ እንደቀራት ይናገራሉ። አንድ ጊዜ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ መጥቶ ከእሳቸው ጋር አልተስማማም፤ ጥፋተኛ የተባለው መሣሪያው ነው።

ስለዚህ በከተማዋ የተቋቋመው የነፍስ አድን ማኅበር ንብረት ጠባቂ ሲፈልግ ሌላ ሰው አልታሰበም። ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ሦስት ሥራ አስፈጻሚዎችና አንድ ማኅተም ነበረው። ውሃ ውስጥ መጥለቅ የሚችል አባል ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ረዲ፣ የእትዬ ሰዒዳ የእህት ልጅ፣ የሁለት ልጆች አባት። እሱም ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኝቷል። ሐኪሙ ሲያስወጣው «ሁለተኛ ቀዝቃዛ ውሃ ገላህን ከነካው እኔ ጋ አትምጣ፤ የማደርግልህ የለኝም» ብሎታል።

እንደ ዕድል ሆኖ፣ ወንዝ ሊያጠኑ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ሲመለሱ ለማኅበሩ አንድ ልብስ ሰጡ። ከእግር እስከ አንገት አንድ ወጥ ቱታ ነው፤ ጫማው አብሮት የተጣበቀ፣ ጀርባው ላይ ወፍራም ዚፕ፣ አንገቱና እጅጌው ጫፍ ላይ እንደ ፊኛ የሳሳ ጎማ። ጎማው ቆዳ ላይ ጥብቅ ብሎ ውሃ አያስገባም። ሰው ወንዝ ሥር ገብቶ ሸሚዙ ሳይርስ ይወጣል! የመጠበቂያ መመሪያውም አብሮ መጣ። ጸሐፊዋ እሌኒ እንዳይጠፋ ቁጥር ሰጥታ፣ ማኅተም መትታ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። መመሪያውን ከመጥፋት ያዳነ፣ ከመነበብም ያዳነ ጥንቃቄ ነበር።

በመስከረም ረዲ ልብሱን ለብሶ ከወንዝ የተቀረቀረ ግንድ ፈትቶ አወጣ። ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ጭቃ የለበሰውን ቱታ ለአክስቱ አስረከበ።

«አክስቴ፣ አደራ። ሕይወቴ እሱ ላይ ናት።»

«ቡና ያደረቀ እጅ ጎማ ሊያቅተው ነው?» አሉት።

አጥበው ጓሯቸው ካለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ፣ ከአዲሱ ቡና አጠገብ አሰጡት። በየሰዓቱ ቡናውን ሲያገላብጡ እሱንም ያገላብጡታል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ፍሬው እንዳይሰነጠቅ ቡናውን ሸራ ያለብሳሉ፤ ቱታውን ግን ይተዉታል። ጎማ ምን ይሆናል?

ጎረቤታቸው ትህትና በአጥር አንገቷን አስግጋ፣ «እትዬ ሰዒዳ፣ ይሄ የተሰጣው ሰውዬ ማነው?» አለች።

«ያላገባ ነው። ትፈልጊዋለሽ?»

«ይናገራል?»

«ዝም ይላል። ካገባሽው ባል ይሻላል!»

አሥራ ሁለት ቀን ፀሐይ ጠጣ። ከዚያ እንደ ምንጣፍ ጥብቅ አድርገው ጠቅልለው፣ ጆንያ ውስጥ ከተው የማኅበሩ መጋዘን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ኅዳር ላይ ኖፓ አጠገብ ያለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውሃ ከወንዝ የሚስብበት ቱቦ አፉ በግንድ ተዘጋ። የለቀማ ወቅት ነው፤ ረዲ በማግሥቱ እንዲገባ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ አቶ ዋቁማ አጋጣሚው ሊያመልጣቸው ስላልፈለጉ በዋዜማው ዝግጅት ጠሩ፦ ንግግር፣ እንግዳ፣ ለእትዬ ሰዒዳም «አርአያ ንብረት ጠባቂ» የሚል የምስክር ወረቀት።

የዚያን ዕለት ጠዋት እትዬ ሰዒዳ ቱታውን ለዕይታ ሊያወጡ መጋዘን ገቡ። ጆንያውን ፈቱ። እጃቸው ልማዱን አልተወም፤ የአንገቱን ጎማ ወደ አፋቸው ወስደው ነከስ አደረጉት።

ጎማው ጥርሳቸው ላይ ተሰባበረ።

ደርቋል። እንደሱ የደረቀ ነገር በሕይወታቸው አድርቀው አያውቁም። ሲዘረጉት አንገቱ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። ነገ ረዲ በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ወንዙን ሊጠጣ ነው።

ሊቀመንበሩ ጋ ሮጡ። «አቶ ዋቁማ፣ ልብሱን ፈጅቼዋለሁ። አንገቱ ተሰንጥቋል።»

«አዴ ሰዒዳ፣ ቀስ በሉ፤ እንግዶች ተቀምጠዋል። አንገት ከሆነ ከውሃ በላይ ነው እኮ።»

«ጠላቂ ነው! ጭንቅላቱንም ይዞ ነው የሚገባው!»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እናስይዘዋለን።»

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ረዲ የሚገባው ነገ ነው!»

ረዲም ሰምቶ መጣ። ይባስ ብሎ፣ «ችግር የለም፣ አክስቴ። ፕላስተር እንለጥፍበታለን። እገባለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

እትዬ ሰዒዳ ሁለቱን አየት አየት አድርገው ወደ መጋዘን ተመለሱ። ትህትናን ጠርተው በሱሪና በሹራባቸው ላይ ቱታውን ለበሱ።

ትህትና ዚፑን እየሳበች፣ «በስተመጨረሻ ሰውየውን እርስዎ አገቡት?» አለች።

«ዝም ብለሽ ዝጊ!»

ሊቀመንበሩ «ንብረት ማለት አደራ ነው» ወደሚለው ክፍል ሲደርሱ አንዲት ጎልማሳ ሴት በጠላቂ ልብስ ግቢውን አቋርጠው፣ በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ገቡ። እስከ አገጫቸው ቁጢጥ አሉ። እንግዶቹ ብድግ አሉ። ምክትል ሊቀመንበሩ ፕሮግራሙን ገልብጦ አየ፤ በርሜል የሚል የለም።

ሲወጡ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ቱታው እንደ አቁማዳ ተነፍቷል። ረዲ ዚፑን ሲከፍተው ውሃው ተዘርግፎ የእንግዶቹን ጫማ አጠበ።

«ይኸው አጀንዳው» አሉ እትዬ ሰዒዳ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ከማክሰኞ በፊት ደረሰ።»

ረዲ ውሃውን አየ፣ የአክስቱን ከንፈር አየ፤ ፕላስተር የሚል ቃል ዳግመኛ አልወጣውም። ግንዱ ሦስት ቀን ፈጅቶ በገመድ ተጎተተ። የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ግን «የጠላቂ ልብሱ በእንግዶች ፊት በተሳካ ሁኔታ ተሞክሯል» ይላል፤ ማኅተምም አለው።

መመሪያው ከእስር ወጣ። እሌኒ በስልኳ መዝገበ ቃላት እየተረጎመች አነበበችው፦ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ጥላ ውስጥ በእግሩ ይሰቀል፤ ውጪው ሲደርቅ ይገልበጥና ውስጡ ይድረቅ፤ ጎማው ፓውደር ይነስነስበት፤ ዚፑ ሰም ይቀባ፤ ላላ ተደርጎ ይጠቅለል፤ ከፀሐይ ይራቅ። ሰምስ አይቸግርም፤ አገሩ የንብ ነው፤ ኡካ ከምትባል ከተማ መጣ።

«ከፀሐይ ይራቅ?» አሉ እትዬ ሰዒዳ በቀስታ። «እኔ እኮ ቀትር ላይ ቡናውን እሸፍን ነበር።»

አዲሱ የአንገት ጎማ ከሰጪዎቹ ዘንድ የካቲት ላይ መጣ። የምስክር ወረቀቱም ቀረ አልተባለም፤ አቶ ዋቁማ «ገለቶማ፣ አዴ ሰዒዳ» ብለው አመስግነው፣ በወፍራም ፕላስቲክ አስለብጠው አስረከቡ።

መጋዘኑ በምዕራብ በኩል አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእሷ ገብታ በቀጥታ የተሰቀለው ቱታ አንገት ላይ ታርፋለች። እትዬ ሰዒዳ የምስክር ወረቀቱን መስኮቷ ላይ ለኩት፤ ልክክ አለ። በአራት ሚስማር መቱት፤ ጽሑፉ ወደ ውጪ፣ ሊቀመንበሩ ሲያልፉ እንዲያነቡት። ወደ ውስጥ የቀረው ጥላው ነው፤ ረዲም ከዚያ ወዲህ ሲጠልቅ ደረቅ ሆኖ ነው የሚወጣው።