የጎረቤቴንም ቅመሱ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ግትር ነበሩ። ሮቤ በሚገኘው ሱቃችን የሪራን የጫካ ማር ለገዢ በማንኪያ ካቀመሱ በኋላ «የጎረቤቴንም ቅመሱና ተመለሱ» ይሉ ነበር። የጎረቤታችን ማር ስኳር የገባበት ርካሽ ነው። ብዙው ሰው እዚያው ሲቀር እኔ እናደዳለሁ፤ እሳቸው ግን «ይቅር፤ ምላሱ ያስታውሰዋል» ይሉኛል።

ከቀብሩ በኋላ ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በርጩማቸው ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ገዢ እንዳይሸሽም ፈርቼ ማንንም ወደ ጎረቤት አልላክሁም።

ትናንት ያው ጎረቤታችን ጣሳ ይዞ መጣ።

«ልጄን ሳል ይዞታል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለቤቴ ሁሌም ከአያትሽ ነበር የምወስደው።»

አያቴ «ምላሱ ያስታውሰዋል» ያሉት ሲገባኝ እፎይ አልኩ። ጣሳውን ሞልቼ ሸኘሁት። ቀጥላ የመጣችውን ሴት አቀመስኳትና «የጎረቤቴንም ቅመሺ» ብዬ ላክኋት። በርጩማቸው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት።