የበቆሎ ፌስታል

የፕላስቲክ ቆሻሻ መለያው አዲሱ ተቆጣጣሪ የአዛውንቷን ሠራተኛ ስም ገና አላወቀም። የሚያውቀው፣ ሌላው ሠራተኛ ፕላስቲኩን በዓይኑ ሲለይ እሳቸው ጆሯቸው ሥር ጨምደድ አድርገው በኮሽታው እንደሚለዩ ነው። ስተው አያውቁም። ከበቆሎ ተሠራ የተባለው ፌስታል ግን ግራ አጋባቸው። ደጋግመው አንኮሻኮሹት፤ አሸተቱት።

«ይሄ የቱ ክምር ውስጥ ይገባል?»

«ለብቻው ያኑሩት፣ እማማ። እሱ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ በስድስት ወር ድራሹ ይጠፋል።»

እጃቸው ቶሎ ብሎ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ገባ። ቀኑን ሙሉ የሚዳብሱት ነገር ምን እንደሆነ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ መዳፍ የማትሞላ የሕፃን ላስቲክ ጫማ።

«የልጄ ናት። እሷ ካረፈች ሠላሳ ዓመት አለፋት፤ ይቺ ግን ምንም አልሆነች» አሉ፣ ፌስታሉንና ጫማዋን እያፈራረቁ እያዩ። «ምነው ልጄ፣ የማይበሰብስ ነገር አግኝታችሁ፣ መልሳችሁ የሚበሰብስ ትሠራላችሁ?»