ስድስተኛው ይሁን ያለች ቀን

ባልደረቦቿ «ጠርጣሯ» ይሏታል። በር ቆልፋ ሦስቴ ተመልሳ የምትነቀንቅ ዓይነት ሴት ናት። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ የአምቡላንስ ጥሪ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን፣ የደዋዩ አድራሻ ሲገባ ቅርብ ያለውን መኪና የሚያሳየውን ፕሮግራም ከጥንስሱ ጀምሮ የምታውቀው እሷ ናት። አንዱ ጣቢያ ዊንዶውስ፣ ሌላው ሊኑክስ ይጠቀማል፤ አለቆቹ ደግሞ ማክ ካልሆነ አይሆንላቸውም። አንዴ የተጻፈውን ለሁሉም የሚያዳርሰው ቱልኪት የሚሉት ነገር ነው፤ መስኮቱንና ቁልፉን በየማሽኑ ልክ ይሰፋል።

ጭቅጭቁ በቱልኪቱ አምስተኛ ቨርዥን እንቆይ ወይስ ወደ ስድስተኛው እንሻገር የሚል ነበር። ስድስተኛው ፈጣን ነው፣ ግን ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም አሮጌ ከሆነ አይነሳም ይባላል። አለቃዋ ከስድስተኛው ሌላ አልሰማም ብሏል። የጠርጣሯ ታናሽ እህት ደግሞ ከተማው ዳር ባለ ጣቢያ ስልክ ተቀባይ ናት፤ የጣቢያው ኮምፒውተር ዕድሜ የጠገበ ነው። ስለዚህ ጠርጣሯ ቢሮው ጥግ ለሙከራ የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር ከፍታ ስድስተኛውን ሞከረችው። ያለ አንዳች ኮሽታ ተከፈተ።

«ይሁን፣ ስድስተኛው» አለች አፏን ሞልታ። አለቃዋ ጊዜ አላጠፋም፤ ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ጣቢያ እንዲላክ አዘዘ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ያን ቀን ለማንም ትዝ አላለውም።

ከምሳ ስትመለስ የጥገና ሠራተኛውን አገኘችው። «ጋሼ፣ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ዛሬ ምን ነካው? ፈጠነ እኮ» አለችው ለጨዋታ ያህል።

«ሲንቀራፈፍብሽ አይቼ አንጀቴን በላሽው ልጄ። ትናንት ማታ ሲስተሙን በአዲስ ቀየርኩልሽ።»

ለካ የሞከረችው አሮጌ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አዲስ ሲስተም ኖሯል። ደጉ ሰውዬ በደግነቱ ጉድ ሠራት፤ ምን ብላ ትቆጣው?

ወደ አለቃዋ ክፍል ሮጣ ገባች። «እንዳይላክ። ሙከራው ዋጋ የለውም።»

«ጀመረሽ ደግሞ» አለ አለቃው። «ጠዋት ይሁን ያልሽው አንቺ፣ አሁን ይቅር የምትይው አንቺ። ማስረጃ አምጪ።»

ያ ሐሳብ ያኔ መጣላት፤ ምነው ባልመጣላት። ስድስተኛውን ለእህቷ ላከችና ደወለችላት። «የኔ እናት፣ የላኩልሽን አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጫኚና ይከፈት እንደሆነ ንገሪኝ።»

የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው ሁለቱም ጠበቁ። በልቧ እንዳይከፈት እየጸለየች ነበር፤ እንዲህም ያለ ጸሎት አለ።

«እትዬ፣ አይከፈትም» አለች ታናሽየው።

ጠርጣሯ አለቃዋን ቀና ብላ አየችው። ደስ አላት፣ መዋሸት ምን ያደርጋል። «በቃ ተዪው፣ ወደ ዋናው ኮምፒውተርሽ ተመለሺ።»

«የቱ ዋና? ያለን አንድ ነው። እሱ ላይ ነው የጫንኩት፤ የድሮውም ጠፋ።»

ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ኮምፒውተር የደረደረች ሴት፣ አንድ ብቻ ያለው ሰው መኖሩን ረስታው ነበር። ከእህቷ ጀርባ ሌላ ስልክ መጮህ ጀመረ።

«ጥሪ ነው፣ እትዬ። ምን ላድርግ?»

«ወረቀት አንሺ» አለች። «አድራሻውን በእጅሽ ጻፊ፣ ሾፌሮቹን በሬዲዮ ጥሪ። ስልኩን እንዳትዘጊ፤ የድሮውን እየመለስኩልሽ ነው።»

አምስተኛውን መላክ ጀመረች። እህቷ ከደረጃ የወደቀ ልጅ ያለበትን ሰፈር እየደጋገመች «ማናችሁ ናችሁ ቅርብ?» ስትል ይሰማል። ሬዲዮው ይንሿሿል እንጂ መልስ የለም።

«አምስተኛው ይሁን» አለ አለቃው ቀስ ብሎ።

ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች። አንዱ ሾፌር «እኔ ነኝ» እስኪል እየጠበቀች ነበር።