ከቁንዝላ ያመጣሁት ቫኪዩም ጣና ላይ ቀረ

"ከባድ ዕቃ ያላችሁ ጣሉ! አሁኑኑ!" ብሎ ጮኸ የጀልባዋ ነጂ። ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ነው የሆነው። ልብሴ እንኳ ሳይደርቅ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉኝ።

የድሮ የቤት ዕቃ እንደምሰበስብ ታውቃላችሁ። ቁንዝላ የሚኖሩ እትዬ የሺ የሚባሉ እናት፣ ሟች ባለቤታቸው ከአዲስ አበባ ያመጡትን አቧራ የሚስብ አሮጌ የምንጣፍ ቫኪዩም አደራ ጠብቂው ብለው ሰጡኝ። አረንጓዴ፣ ድፍን ብረት፣ ዳንቴል ለብሶ ከሬዲዮው ጎን ዕድሜውን የጨረሰ። (የትኛውን ምንጣፍ ሲያጸዳ እንደኖረ አትጠይቁኝ።)

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ መሀል ላይ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ይገባ ጀመር።

አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ የጤፍ ጆንያቸውን ገፍተው ጣሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እሱስ?"

"አባቴ፣ የሰው አደራ ነው" አልሁ፤ ጥብቅ አድርጌ እንዳቀፍሁት።

"እኛስ የማን አደራ ነን?"

ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅሁት።

ወደቡ ላይ እግሬ መሬት እንደነካ ለእትዬ የሺ ደወልሁ። "እትዬ፣ ዕቃዎን ጣና ውስጥ ጣልሁት" አልኋቸው እያለቀስሁ።

"ሰው ተጎዳ?" አሉኝ።

"የለም፣ ሁላችንም ደኅና ነን።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እሳቸው ቢኖሩ ካንቺ ቀድመው ይጥሉት ነበር።"

እናንተስ፣ ነፍሳችሁን ለማትረፍ ከእጃችሁ የለቀቃችሁት፣ ዛሬም የሚያሳዝናችሁ ዕቃ አለ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።