አክስቴን ለልብ ቀዶ ሕክምና ከቡልቡላ ሳመጣ

«የአንቺን ልብ ቀደው ሰፉት፤ ስፌት ደግሞ ይተረተራል። ሚስቴን ለቢላዋ አልሰጥም!»

የአክስቴ የወርቄ ባል ጋሼ ቱፋ ይህን ፊት ለፊት ነግሮኝ ከናዝሬት ወደ ቡልቡላ ተመለሰ። እኔም በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ ተከተልኩት። አክስቴ ሰኞ አዲስ አበባ ካልተገኘች፣ ለሕክምና ወደ ውጭ የምትላክበት ተራ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። ሌላ ተራ ደግሞ እሷ በሕይወት እያለች አይመጣም።

በሽታችን አንድ ነው። ልብ ውስጥ ግንድ ያለው እብጠት ይበቅላል። ካንሰር አይደለም፤ ግን ሰው ሲቆም የደሙ መተላለፊያ ላይ ወርዶ ይዘጋዋል፣ ሲተኛ ይለቀዋል። የእኔን ምሥራቅ ጀርመን አወጡልኝ። ልቤን አቁመው፣ ደሜን በማሽን እያዘዋወሩ፣ እብጠቱን ከነሥሩ ቆርጠው ጣሉት። ሐኪሞቹ «የሥጋ ዘመዶችሽም ይመርመሩ» ስላሉ አክስቴ ተመረመረች፤ ተገኘባት።

ሞጆ

አውቶቡሱ ጎማ ሊያስጠግን ቆመ። መጠበቅ አልወድም። ወርጄ፣ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ፣ ለከባድ መኪናዎች እጄን ዘረጋሁ። በቆሎ ሊጭን ወደ ቡልቡላ የሚወርድ ባዶ ፊያት ቆመልኝ። ሾፌሩ መኮንን ይባላል።

«እኔ ጋቢና የማስገባው ዝም የሚል ሰው ነው።»

«እንግዲያው ሬሳ ጫን» ብዬው ገባሁ። እስከ ቆቃ ሳቀ።

ዝዋይ

ከመቂ ወዲያ ግራሩ በዛ፤ አቧራው ነጣ። ዝዋይ ላይ ከሐይቁ የወጣ ጥብስ ዓሣ በላን፤ በስሙኒ አንድ ሙሉ ዓሣ! እጃችንን ስንታጠብ ጉዳዬን አወጣሁ።

«ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ በሽተኛ ትጭንልኛለህ፤ መቀመጥ አትችልም፣ ተኝታ ነው የምትሄደው።»

«አልጋ የት አለኝና?»

«በቆሎ አለህ።»

«መንገድ ላይ ብትሞትብኝስ?»

«ከተቀመጠች ትሞታለች። ከተኛች አትሞትም።»

መኮንን ራሱን እየነቀነቀ ሞተሩን አስነሳ።

ቡልቡላ

አክስቴ መደብ ላይ ተጋድማለች። ጎረቤቷ እማማ ዲንቄ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ «ምን ሆነች ብለሽ ነው? ስትተኛ ትስቃለች፤ ሥራ ሲባል ትወድቃለች!» አለችኝ።

ጋሼ ቱፋ መምጣቴን ገምቶ ሽማግሌዎች ግራር ሥር አስቀምጧል። እነሱ ሳይመርቁ በሽተኛ ሩቅ አገር አይሄድም። በፊታቸው ልጅ አይናገርም፤ እኔ ግን ተናገርኩ። የሁሉም ታላቅ ኦቦ ገመዳ ጺማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«ልብሽ ቆሞ ነበር? ሞተሽ ነበር ማለት ነው?»

«ሞቼም ከነበረ ይኸው ተመልሻለሁ። ካላመኑኝ ይዩ!» ብዬ የሸሚዜን ቁልፍ ስይዝ ሽማግሌዎቹ በአንድነት ፊታቸውን አዞሩ።

«ተይ፣ ተይ ልጄ! የልጃገረድ ደረት እኛ አናይም። ሦስት ሴቶች ገብተው ይዩ። ቃላቸው ቃላችን ነው።»

እማማ ዲንቄ ማንም ሳይመርጣት ቀድማ ገባች። ሸሚዜን አወለቅኩ። ከአንገቴ ሥር እስከ ሆዴ አፋፍ የወረደውን ጠባሳ በጣቷ ተከተለችው።

«አጥንቱን በምን ገጠሙት?»

«በሽቦ።»

«እግዚኦ!» ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች። ቆየች። ቀና አለችና፣ «አሁን ልበሺና ሩጪ!» አለች።

ሮጥኩ። አጥሩን እየዞርኩ፣ ዶሮ እየበተንኩ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩኝ ሮጥኩ። እያለከለክሁ ስመለስ እንደገና አዳመጠችኝና ወደ ግራሩ ወጣች።

«ዱጋዳ! እውነት ነው! የዚህች ልጅ ልብ ከቱፋ በሬ ይበረታል!»

አብረዋት የገቡት ሁለቱ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አክስቴ ከውስጥ ጮኸች፦ «ቱፋ! ቆሜ ጓዳ ከምደርስ፣ ተኝቼ ጀርመን ብደርስ ይሻለኛል!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተሸክመው ይውሰዱሽ፤ በእግርሽ ተመለሺ!»

«አሜን!»

ጋሼ ቱፋም አሜን አለ። ፊያቱ በቆሎውን ጭኖ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ጋሼ ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ ወጣና ጆንያዎቹ ላይ አነጠፈው፤ ሚስቱን አቅፎ አስተኛት፤ ከራስጌዋ ተቀምጦም ከፀሐይ በጋቢው ከለላት።

እኔ ጋቢና ገባሁ። መኮንን ጥሩምባውን ነፋና ወደ ሰሜን ነዳን።