ተለጣፊ የተለጠፈበት ዘንዶ

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ዓይኑን ያንሸዋረረ ጃፓናዊ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ «ሰውየው ደህና ነው?» ይለኛል። ደህና ነው፤ እንዲያውም ጌታን ተቀብሏል።

ልጅ እያለሁ ስፖርት የሚያስተምረን ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ክፍላችን ውስጥ የሰቀለውን የጃፓን ካላንደር ገነጣጥሎ አደለን። ያኔ ወፍራም ወረቀት ማለት የደብተር መሸፈኛ ማለት ነው። የእኔ ገጽ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ነበር፤ ካቡኪ በሚባለው ቲያትራቸው የሚጫወት ተዋናይ፣ ካባው ላይ ዘንዶ የሚጥመለመልበት። ቲያትሩ ሲጋጋል ተዋናዩ እንዲህ ደርቆ ዓይኑን ያንሸዋርራል አለን ኬንጂ። በቃ፣ ሐዋሳ በካቡኪ ተወረረች! ጎል ያገባ ሁሉ ይደርቃል፣ ያንሸዋርራል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደን ለአባ ኮዳ ብናሳየው፣ ያ ሰው የማይፈራ ወፍ የዓሣ አንጀቱን ጥሎ በእግሩ ሸሸ። ምስክር አለኝ።

እናቴ ግን ያየችው ዘንዶውን ነው። በእኛ ቸርች ዘንዶ ማለት ሰይጣን ነው፣ አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ጠላትን በብብትህ ይዘህ ትምህርት ቤት ልትመላለስ? ዛሬ ምድጃ ውስጥ ነው የሚያድረው!»

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ሮጬ ኬንጂን ጎትቼ አመጣሁት። እናቴ እንግዳ ሳይበላ አትከራከርም፤ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበችለት። እሱም እየበላ፣ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛው አስረዳ።

«እትዬ፣ በእኛ አገር ዘንዶ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ደመና ይጠራል፣ ዝናብ ያመጣል። ተዋናዩ ጀግና ሆኖ ሲጫወት ጉልበቱ እንዲታይ ዘንዶ ይለብሳል።»

«ዝናብ የሚያመጣ እግዚአብሔር ነው፣ መምህር። ዓሣ ይጨምሩ።»

ኬንጂ ዓሣውንም ነገሩንም አላመጠ። «እንግዲያው ዘንዶው የእሱ ተላላኪ ነው።»

እናቴ ተነስታ ከቦርሳዋ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ተለጣፊ አወጣችና የዘንዶው ጭንቅላት ላይ ልጥፍ አደረገችው።

«ደብተር ላይ አይሆንም። ግድግዳ ላይ ይሁን፣ ዓይኔ እያየው።»

ዛሬ በልጆቼ ስልክ ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ እልፍ ነው። ግን ዓሣ እያበላ የሚከራከርበት ሰው የለውም፤ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ዝናቡ ዘግይቶ፣ ቱላ ያለው የእናቴ በቆሎ ጠወለገ። ልትጠይቀን መጥታ ሶፋው ላይ ሆና ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችው።

«አንተ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ተላላኪ ጆሮው ተሸፍኖ ይሆን እንዴ መልእክቱን ያልሰማው? እስቲ ጠርዙን ትንሽ ከፍ አድርግለት።»